ተራው የጋሼ ነው

ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቤት ሙሉ ሰው ዓይኑን ተክሎብኝ ሳለ፣ ጽዋ አልቀበልም አልኩ።

በማኅበራችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ተረኛ ሲጠራ ይነሣል፣ ነጠላውን ያደገድጋል፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይሳለመዋል፤ በቃ። ሙሴው ጽዋውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። የእኛው ሙሴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ረዥም፣ ኩሩ፣ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚልላቸው። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

«ተቀበይ እንጂ ልጄ» አሉኝ፣ ያልሰማሁ መስሏቸው።

«አልቀበልም። ተራው የእኔ አይደለም።»

«የማነው ታዲያ?»

«የጋሼ ነው።»

ጠላ ስትቀዳ የነበረችው የቤቱ እመቤት ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቱግ የምል ሰው መሆኔን በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ድንገት አልነበረም የተነሣብኝ። ቁጣዬን ከቤቴ ይዤው ነበር የሄድኩት።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። እኛ ቢቸና የምንኖር አሥራ አራት ማኅበርተኞች ነን፤ ማኅበራችን የሚካኤል ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከቅዳሴ በኋላ በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ጠላና ዳቦ ያቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ከአንዱ ጽዋ ሁላችንም እንቀምሳለን፣ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ይኸው ነው። አብሮኝ የሚሠራ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ፤ ሙስሊም ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ቀን «እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ማኅበራችሁ ምን ይሠራል? ያው ጠላ መጠጣት አይደለም እንዴ?» ብሎኝ ተናድጄ መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። ክፋት አልነበረበትም፣ አውቃለሁ። ያናደደኝ የእኛው የቢቸና ልጆችም እንዲሁ ሲሉ መስማቴ ነው። ጊዜ ያለፈበት ይሉታል። የሽማግሌ ወግ ይሉታል። ሲታመሙ በስልክ «ይማርህ» የሚል መልእክት ደርሷቸው ሰው የጠየቃቸው የሚመስላቸው እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ምን እንደሚሠራ ልናገር። ማኅበራችን ውስጥ የተኳረፈ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። ቄሱ ከመባረካቸው በፊት «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ እዚያው ይናገራል፣ እዚያው ይታረቃል፤ እስኪታረቅ ድረስ ሌላውም አይቀምስም። አንድ ጊዜ በቦይ ውኃ የተጣሉ ሁለት ማኅበርተኞች አንታረቅም ብለው ጠላው ፊታችን ተቀምጦ ጀንበር አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ያስታረቃቸው የቄሱ ምክር ሳይሆን የሁላችን ጥማት ይመስለኛል። አቀማመጣችን በሹመትና በሀብት ሳይሆን ማኅበሩን በገባንበት ተራ ነው። የዳቦው ቁራሽ ለሁሉም እኩል ነው። ያጣ ሰው ተራው ሲደርስ ጌሾውም ብቅሉም ከየቤቱ በጓሮ በር ይገባለታል፤ በፊት በር ግን ደጋሹ እሱ ነው፣ የሚመሰገነውም እሱ ነው።

ተራ ደግሞ አይዘለልም። ተራው የሚዘለለው የሞተ ሰው ብቻ ነው። ሰው ሲሞት በዚያ ወር ድርሻው ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለቤተሰቡ ይላካል፤ የሐዘን ዳቦ እንለዋለን። ለታመመ ሰው ዳቦ አይላክም። ለታመመ ሰው ተነሥቶ ይኬዳል፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አብሮ ይበላል። አባቴ የሞተ ወር ያንን ዳቦ ደጃችን ድረስ ያመጡት ጋሼ ናቸው። በሩ ላይ ስቀበላቸው ጨርቁ ገና ይሞቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ መሞቱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያወቅሁት ግን ያንን ዳቦ ስይዝ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ።

ጋሼ የምላቸው በገበያው መግቢያ ላይ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሰው ናቸው። የጽዋው ነጭ ልባስ የእጃቸው ሥራ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ከአባቴ ጎን ነበር የሚቀመጡት። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ሲሞት ወንበሩ ለአጎቴ ልጅ ይሰጥ የሚሉ ተነሡ። ማኅበሩ የወንዶች ሆኖ ነው የኖረው፣ ሴት ብትገባ ምን ይባላል፣ ጠላ እየጠመቀች እንዴት ትቀመጣለች፣ ብዙ ተባለ። ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ብድግ አሉና ከዘራቸውን አነሡ። «አባቷ በታመመ ጊዜ ማን ነው አጠገቡ ያደረው? የአጎቷ ልጅ ነው? እሷ ኸዚህ ካልተቀመጠች እኔም አልቀመጥም» ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ሙሴው እጃቸውን ይዘው መለሷቸው። እኔም በአባቴ ወንበር ላይ፣ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ፤ ጠላውንም እንደ ወንዶቹ ተቀድቶልኝ ጠጣሁ። ሰው ሲሟገትልኝ አልረሳም። ይኼ ጠባዬ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተጣመመ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቢቸና የሚያነሣ የሚያስቀምጣቸው ሰው ስላልነበረ ሞጣ ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። ሞጣ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ ጠንካራ ሴት ናት። ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። በዚያ በተጣመመ አፋቸው ቀስ ብለው «ተራዬ ታኅሣሥ ነው፣ አስታውሻቸው» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም።

የጥቅምቱን ማኅበር እኔ አልነበርኩበትም፤ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ። ያን ዕለት ሙሴው ደግነት መጣባቸው። «ወንድማችን ሩቅ ነው፣ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ ድርሻውን እንላክለት» አሉ። ሁሉም ደስ አለው፣ መረቁ፣ አንድ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለሚኒባስ ሾፌር ሰጡት። ያን ሁሉ ሽማግሌ የያዘ ቤት ምን እያደረግን ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሕጉ ሳይጠፋቸው፣ ሁሉም እያወቁት፣ ደግነታቸው ዓይናቸውን ጋረደው።

ከሳምንት በኋላ የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ ቢቸና ምን ተፈጠረ? አባባ ያ ዳቦ ኸመጣ ወዲህ ሰውነቱ አላማረኝም።»

«ምን ይላሉ?»

«ጨርቁን ፈታሁለት። አየውና ‹ማን ሞተ?› አለኝ። ማንም አልሞተም፣ ማኅበሩ ልኮልህ ነው አልኩት። ‹እንግዲያውስ የሞትኩት እኔ ነኝ› ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እግሩን ማሻሸት ጀምረን ነበር፤ ያንንም ተይኝ አለኝ። ‹ለሬሳ ምን ያደርግለታል› ይለኛል።»

ስልኩን ዘግቼ መርፌ መስጫው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ተሳደብኩ። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ የሚድነው እጁንና እግሩን በየቀኑ ለማንቀሳቀስ ሲታገል ነው። ተስፋ ከቆረጠ ጡንቻው ይደርቃል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልፈልግም። ጋሼን ሊገድላቸው የተነሣው ስትሮኩ አልነበረም። የእኛ ዳቦ ነበር።

ለሙሴው ሄጄ ነገርኳቸው። ደነገጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አይ ወዲያ፣ ሕመሙ ነው ሆድ ያስባሰው፤ እኛ ለደግ ነው» አሉኝ። ይጠይቋቸው፣ ይሂዱ ብላቸው «እንሄዳለን፣ መንገዱ ይረጋጋ» አሉ። መንገዱ የሚረጋጋበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም። ከዚያም ኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ ድግሱ አልቆ ሙሴው ተነሡና «የታኅሣሡ ተረኛ ወንድማችን ስለታመመ፣ ኸዚህም ስለሌለ፣ ተራው ይለፈው፤ ቀጣይዋ ትቀበል» ብለው ጽዋውን ወደ እኔ ዘረጉ። ከጋሼ ቀጥሎ ያለው ወንበር የአባቴ ነው፤ ተራው ከእሳቸው ሲያልፍ የሚወድቀው በእኔ እጅ ላይ ነው። በእኔ እጅ ሊያስቀብሯቸው።

እጄን ያላወጣሁት ለዚህ ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሙሴው፣ ድምፃቸው እየጠነከረ፣ «እሱ እኮ አልጋ ላይ ነው። ልጁ ኪራይ ቤት ነው የምትኖር። ለዚህ ሁሉ ሰው ጠላ ጥመቂ፣ ዳቦ ጋግሪ ልንላት ነው? ጭካኔ አይሆንም?»

«ጠይቀዋታል?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«እኔ ጠይቄያታለሁ። ብቅሉን አዘጋጅታለች።»

ይኼን ስል አንዳንዱ ሳቅ አለ፤ ሙሴውን ግን አላሳቃቸውም። «ጽዋ ኸቢቸና ወጥቶ አያውቅም» አሉ።

«ማኅበርተኛም ከቢቸና ወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ወጣ። እሳቸው ካሉበት ይሄዳል።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱማ ለሙሽራ ሲሆን ይከፈታል። ለገበያ ሲሆን ይከፈታል። ለጋሼ ሲሆን ነው የሚዘጋው?»

በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው ጫጫታ ሆነ። ሴት ልጅ ሙሴን እንዲህ ትናገር ያለ አለ፣ እውነቷን ነው ያለ አለ። እስከዚያ ድረስ መቋሚያቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ቄስ እጃቸውን አነሡ። ትንሽ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውም ትንሽ ነው፤ ሲናገሩ ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

«ተራው የሚዘለለው ምን የሆነ ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዓይናቸውን ወደ ሙሴው አዞሩ።

«ሙሴ፣ አንተን ነው።»

«የሞተ» አሉ ሙሴው።

«ሞቷል?»

ሙሴው ጽዋውን ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡትና ከዘራቸውን አንሥተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። እኔ ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አደገደግሁና ጽዋውን በሁለት እጄ አነሣሁ። «የምወስደው ለጋሼ ላደርስላቸው ነው። ተረኛ ሆኜ አይደለም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

ያ ወር ረዘመብኝ። ጽዋውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ ጠዋት ስወጣ ማታ ስገባ አየዋለሁ። ሙሴው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ይቀበላሉ፣ ዓይኔን ግን አያዩም። ከማኅበርተኞቹ አንዳንዱ ሊያግባባኝ መጣ፤ ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ ይለፍ አለኝ። በምን ጥፋቴ ብዬ ሸኘሁት። የወሎው ልጅ ነገሩን ሲሰማ ብዙ ጠየቀኝ፤ ዳቦው ለምን እንዲያ እንደከበዳቸው፣ ጽዋው ለምን መሬት እንደማይነካ። ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ደንቡ ነው አልኩት። ሳይስቅ ሰማኝ። «የታኅሣሡን የሥራ ተራሽን የሚገባልሽ ሰው እኔ እፈልግልሻለሁ፣ ሂጂ» አለኝ። ያኔ ያንን የድሮ ጥያቄውን ይቅር አልኩት።

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ማለዳ መናኸሪያው ስደርስ ቄሱ ቀድመውኝ ተገኝተዋል። ሌሎች አራት ማኅበርተኞችም መጡ። የቀረው ግማሹ መንገዱን ፈራ፣ ግማሹ የሙሴውን ፊት ፈራ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ሙሴው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ሙሴ በሌለበት ጽዋ ይከፈታል እንዴ?» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«ማን ቅሩ አለዎት?» አልኳቸው።

«አንቺ ምላስሽ» አሉና አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ጽዋውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ፣ ክንዴ ዝሏል፣ ግን አግዙኝ ማለት ሞቴ ነው።

ሞጣ ሳንደርስ አንድ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። የያዛችሁትን መሬት ላይ አስቀምጡ፣ እጃችሁን አንሡ። ሁሉም ጓዙን አስቀመጠ። እኔ አላስቀመጥኩም።

«አንቺ፣ አስቀምጪው ተብለሻል» አለኝ ፈታሹ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት።

«መሬት አይነካም።»

«ምንድን ነው?»

«ጽዋ ነው። የማኅበር።»

«ምን አለበት?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን አታስቀምጪውም?»

ምን ልበለው? ልዋሽ አልችልም፣ ፈርቻለሁ። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ምክንያት ሊጉላላ ነው ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ከጎኔ ሁለት ረዣዥም እጆች መጡና ጽዋውን ከእቅፌ ወሰዱት። ሙሴው ናቸው። ከዘራቸውን አቧራው ላይ ጥለውታል።

«እሷን ቀድመህ ፈትሻት፣ እኔ እይዘዋለሁ፤ ኸዚያ እኔን ስትፈትሸኝ እሷ ትይዘዋለች» አሉት። «የታመመ ወንድም አለን፣ ለእሱ ነው የምናደርስ። ክዳኑን ክፈትና እይ፤ መሬት ግን አይነካም ልጄ።»

ወጣቱ ክዳኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ አየ። መልሶ ከደነው። በእጁ ምልክት አሳለፈን። ከዘራውን ከመሬት አንሥቶ ለሙሴው ያቀበላቸውም እሱ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን ሙሴው ጽዋውን አልመለሱልኝም። ጭናቸው ላይ አድርገውት ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ «እንዲያ ሆኖ ላየው አልፈለግሁም» አሉ። «አብረን ነው ያደግነው። ይኼ ሁሉ መንገድ፣ የልጁ ቤት፣ ያልኩሽ ሁሉ ምክንያት ነው። ፈርቼ ነው። እሱን አልጋ ላይ ሳይ ራሴን የማይ መሰለኝ።»

አሳዘኑኝ። ቢሆንም አለሳልሼ አላለፍኳቸውም። «ይኼን ለእኔ አይንገሩኝ፣ ለእሳቸው ይንገሩ» አልኳቸው።

ያን ሌሊት ሞጣ አደርን፤ በማግሥቱ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ልጃቸው ቤት ሄድን። ሁለት ክፍል ናት። ጋሼ ጢማቸው ተላጭቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራስ ተደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጀምሮ በግድግዳው ዙሪያ ከጎረቤት የተለቃቀመ ወንበርና አግዳሚ ተደርድሯል፤ አሥራ አራት መቀመጫ። የቀሩትንም ሰዎች ቦታ አልሰረዙባቸውም። «ማንም ያለ ቦታው እንዳይቀመጥ ብሎ ኸትናንት ጀምሮ ሲያስደረድረኝ ነው የዋለ» አለችኝ ልጃቸው፣ እየሳቀችም እየተማረረችም። ቦታዬን አላጣሁትም፤ ከጋሼ ጎን ነው።

ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ተሠርቷል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ጠላው ጽዋው ውስጥ ተቀድቷል። ቄሱ ተነሥተው እንደ ደንቡ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«አለ» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው የሚወጣው በግድ ነው፣ ግን ይወጣል። «እኔ አለሁ።»

ለልጃቸው ምልክት ሰጧት። ከሞሰቡ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ፊታቸው አኖረች። ገና ሳይፈታ ሁላችንም አወቅነው። እንዳይሻግት ፀሐይ ላይ አድርቂው ብለዋት ቆራርጣ ያደረቀችው ዳቦ ነው።

«ሙሴ» አሉ ጋሼ። «ይኼ የማነው?»

ሙሴው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፊታቸው ቆሙ። ያን ረዥም ቁመታቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

«የላክነው እኛ ነን።»

«በሕይወት አለሁ?»

«አለህ።»

«ታዲያ የማን ሐዘን ነው?»

ሙሴው ሚኒባሱ ውስጥ ያሉኝን፣ ከዚያም የበለጠ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገሩ። ፈርቼ ነው አሉ። ልጠይቅህ መምጣት አቅቶኝ ዕዳዬን በዳቦ ልወጣ ነው የፈለግሁ አሉ። እያለቀሱ ነበር። ጋሼ አላለቀሱም፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሰሟቸው። ሲጨርሱ ዳቦውን በጣታቸው እያመለከቱ «እንብላው» አሉ።

የደረቀው ዳቦ ጠላ ውስጥ እየተነከረ ለሁላችንም ታደለ። ጋሼ ቁራሻቸውን ሲያነሡ ልከለክላቸው አፌን ከፈትኩ፤ እንዲህ ያለ በሽተኛ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል፣ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። ዝም አልኩ። በደህናው ጎናቸው ቀስ እያሉ አኘኩት፣ ዋጡት። ከዚያ በዚያ በተጣመመ አፋቸው ሳቁ። «የራሱን የሐዘን ዳቦ የበላ ሰው አይታችኋል?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሙሴው እንባቸውን ሳይጠርጉ ነው የሳቁት። ቄሱ ባረኩ፣ ከጽዋው ቀመስን።

የመሰናበቻው ሰዓት ሲደርስ ጋሼ ጽዋውን ለእኔ ማስረከብ ነበረባቸው። ደንቡ በሁለት እጅ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ የሚሠራው አንድ ነው። ሙሴው ሊያግዟቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ተው» አሏቸው ጋሼ።

ጽዋውን በቀኝ እጃቸው ከደረታቸው ጋር አጣብቀው ያዙት። የግራ ክንዳቸውን ከጭናቸው ላይ ለማንሣት ሞከሩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግንባራቸው አላበው፣ እጃቸው ትንሽ ተነሣና ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ የግራ እጃቸው ጣቶች የጽዋውን ልባስ፣ ያንን ራሳቸው የሰፉትን ጨርቅ ጫፍ፣ ነኩት። አደግድጌ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው፣ ተሳለምኩት።

ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ሙሴው ዞሩ። «የሚቀጥለው ተራዬ መቼ ነው?»

ሙሴው በጣታቸው ቆጠሩ። «በሚመጣው ዓመት፣ የካቲት ላይ።»

«እዚሁ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ትመጣላችሁ።»